«ምስሉ ጨለመ» ለምትሉ፦ ስለ ብራድፎርድ ያንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ሰው ሲኒማቶግራፈሩን (የፊልም ምስል ባለሙያውን) ብራድፎርድ ያንግን የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «አራይቫል» በተባለው ፊልም ነው። ስሙ ሲነሳ ግን ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። ሥራውን በጣም ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

«ሲኒማቶግራፈር ማለት ካሜራ ማን ነው»
አይደለም። በትልልቅ ፊልሞች ላይ ካሜራውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሲኒማቶግራፈሩ ብርሃኑ ከየት ይምጣ፣ የቱ ሌንስ ይገጠም የሚለውን ከዳይሬክተሩ ጋር ሆኖ ይወስናል።

«ሙያውን የተማረው ሆሊውድ ነው»
የኬንታኪው ልጅ የተማረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። መምህሩ ደግሞ የእኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው! በቃለ መጠይቆቹ ስማቸውን ያነሳል።

«ጥቁር ቆዳ እንዲታይ ብዙ መብራት ይፈልጋል»
የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ችግሩ ቆዳው ሳይሆን መለኪያው ነበር። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ቀለሙ የሚስተካከለው የእሷን የፊት ቀለም መነሻ በማድረግ ነበር። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ጓደኛሞች አብረው ሲነሱ፣ ከጥቁሩ ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀር ነበር።

ያንግ መብራት አያዥጎደጉድም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በምስል ሥራው የተሸለመበትን «ፓራያ» የተባለ ፊልም እዩት። የጭፈራ ቤቱ ባለቀለም መብራት የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፊት ላይ ያርፋል። ጥቁር ቆዳ ብርሃን ያንጸባርቃል። ጉንጭና ግንባር ላይ ትንሽ ጭላንጭል ካረፈች ፊቱ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

«ኦስካር ወስዷል»
በ«አራይቫል» ለምርጥ ሲኒማቶግራፊ ታጨ እንጂ አልወሰደም። በ2017 ሽልማቱን የወሰደው የ«ላ ላ ላንድ» ሲኒማቶግራፈር ሊኑስ ሳንድግሬን ነው። «የመጀመሪያው ጥቁር እጩ» የሚባለውም ልክ አይደለም። ጥቁር እንግሊዛዊው ሲኒማቶግራፈር ረሚ አደፋራሲን ይቀድመዋል። ያንግ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ እጩ ነው።

«ምስሉ የሚጨልመው ስለተበላሸ ነው»
ሆን ብሎ ነው የሚያጨልመው። ቀን በጠራራ ፀሐይ ስልክ ላይ ካያችሁት በእርግጥ ምንም አይታይም። ማታ መብራት አጥፉና «አራይቫል»ን ከመጀመሪያው ክፈቱት። መጀመሪያ የምታዩት የጨለመ ጣሪያ ነው። ካሜራው ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ትልቁ መስኮት ብቅ ይላል፣ ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ። ዓይናችሁ ጨለማውን ለምዶታልና ያ ደብዛዛ ሰማይ በደንብ ይበራላችኋል።