በአር ቋንቋ ግራፍ ላይ ኮንቱር መጨመር፦ ከደንቢያ ሜዳ እስከ ስሜን ገደል

ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ነው። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ይነበባል። ይህን ለማስተማር ከጎንደር የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በደቡብ የደንቢያ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ወደሆነው ጣና ይዘረጋል፤ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የስሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣሉ።

አር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የጀመሩት ነጻ የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። «ኮንቱር» (contour) የተባለው ትእዛዙ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የአግድም መለኪያ፣ የቁም መለኪያና የከፍታ ማትሪክስ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ የከፍታ ቁጥሮች። ሁለቱ መለኪያዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለባቸው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ግን በማትሪክሱ ነው። አር የማትሪክሱን ረድፍ እንደ አግድም መለኪያ ስለሚወስደው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደረ የሳተላይት መረጃ እንዳለ ከተሰጠው ካርታው ይዞርና ጣና በምሥራቅ በኩል ይገኛል። ረድፎቹን ገልብጦ ረድፍን በዓምድ መለዋወጥ ያስተካክለዋል።

ቀድሞ በተሳለ ግራፍ ላይ ለመጨመር «አድ» (add) የሚለው ምርጫ እውነት (TRUE) መባል አለበት፤ አለዚያ ትእዛዙ አዲስ ግራፍ ይጀምራል። በቀለም የተሞላው ኮንቱር ለቀለም መፍቻው ገጹን ስለሚከፍል፣ በኋላ የሚጨመር መስመር ከቦታው ይዛነፋል፤ ተጨማሪው በዚያው ትእዛዝ ውስጥ፣ ከዘንጎቹ (ከአግድምና ከቁም መለኪያ መስመሮቹ) ሥዕል ጋር መግባት አለበት። ጂጂፕሎት2 (ggplot2) በተባለው የአር የግራፍ መሣሪያ ኮንቱር በመደመር ምልክት የሚታከል ንብርብር ነው። ከፍታው በተበታተኑ ነጥቦች ከተለካ ደግሞ አስቀድሞ በረድፍና በዓምድ ወደተደረደሩ ነጥቦች መተመን ይኖርበታል።

ትልቁ ጉዳይ የደረጃ፣ ማለትም መስመር የሚሰመርበት ከፍታ፣ ምርጫ ነው። አር በራሱ አሥር ገደማ ደረጃ አስቦ ድፍን ቁጥሮችን ይመርጣል፤ ከጣና እስከ ስሜን ላለው ምድር በየ200 ሜትሩ ያሰምራል። በዚህ ልክ የስሜን ገደል አምሮ ይታያል፤ ደንቢያ ግን ባዶ ወረቀት ይሆናል። ወደ 10 ሜትር ሲወርዱ ደንቢያ ይናገራል፣ ስሜን ጥቁር ቀለም እንደፈሰሰበት ይሆናል። ለሜዳው ጠባብ፣ ለተራራው ሰፊ ልዩነት በአንድ ካርታ ማቀላቀል ይቻላል፤ ነገር ግን አንባቢ የመስመሮቹን መጠጋጋት እንደ ቁልቁለት ስለሚያነብ ይሳሳታል። ሁለት ካርታ መሳል ይሻላል።

አንዳንዴ አንድ መስመር ብቻ ይበቃል። በኢትዮጵያ ወባ የሚበረታው በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። የጤና ጣቢያዎች በነጥብ በተሳሉበት ግራፍ ላይ ደረጃውን 2,000 ብቻ ብሎ ኮንቱር መጨመር ጎንደር ከተማን ከመስመሩ በላይ፣ ደንቢያን ከመስመሩ በታች ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሥራ በጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሚማር የጤና ተማሪ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ የለም።