ዳዊት ይቅር ከተባለ መከራው ለምን አልቀረለትም?

ደሴ ባለው የጥናት ቡድናችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሣ ባጭሩ ላስረዳ። ዳዊት ከቤርሳቤህ ጋር አመነዘረ፤ ባሏን ኦርዮንም አስገደለ። በኦሪት ሕግ አመንዝራ ሞት ይገባው ነበር (ዘሌዋውያን 20፥10)። «በድያለሁ» ሲል ግን ነቢዩ ናታን «አትሞትም» አለው (2ኛ ሳሙኤል 12፥13)። ምሕረቱ ይህ ነው፣ ሙሉ ነው። መዘዙ ግን አልቀረም፦ ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም፣ ልጁ አቤሴሎምም ዐመፀበት። ሐረጎ መንገድ ላይ በግድየለሽነት መኪና ያጋጨን ሹፌር ባለንብረቱ ከልቡ ይቅር ቢለው፣ መኪናው በይቅርታው አይጠገንም።

ከዚህ ተነሥቶ የታመመ ጎረቤትን «ኃጢአቱ ነው» ማለት ግን በጣም ያሳዝነኛል። የዳዊትን መከራ ከበደሉ ጋር ያያያዘው ነቢይ ነው፤ ስለ ጎረቤታችን የነገረን የለም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ጌታ፣ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት ሠርተው እንዳልሆነ ተናግሯል (ዮሐንስ 9፥3)።