ከቦሌ እስከ ዲሲ፦ ስለ ርቀቱና ስለ ሰዓቱ የሚባለውና እውነታው

«ወደ ዲሲ መሄዱ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው የመልሱ ርዝመት ነው።» ይህን ብዙ ሰው ይላል። የሚያሳስተው ቲኬቱ ነው። ለምሳሌ ሐምሌ ላይ ከምሽቱ 4:30 ከቦሌ ተነስታችሁ በማግስቱ ከጠዋቱ 2:00 ደለስ (የዋሽንግተን ዲሲ ኤርፖርት) ብትደርሱ፣ ጉዞው 9 ሰዓት ተኩል ብቻ የፈጀ ይመስላል። ግን ሁለቱም ሰዓቶች የየአገራቸው ናቸው። በዚያ ወር ዲሲ ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነች። ጨምሩት፤ 16 ሰዓት ተኩል ይመጣል። በመልሱ ከጠዋቱ 4:30 ተነስታችሁ በማግስቱ ከንጋቱ 12:30 ቦሌ ብትገቡ ደግሞ 20 ሰዓት የበረራችሁ ይመስላል። 7ቱን ቀንሱ፤ 13 ሰዓት ብቻ ነው። ረጅሙስ መሄጃው ነው! (አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል።)

«ወደ ዲሲ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላኑ ያን ያህል መብረር ስለማይችል ነው።» ቢሆን ኖሮ ያው አውሮፕላን ከዲሲ አንድ ጊዜ ተነስቶ ቦሌ ባልገባ ነበር። ምክንያቱ ያለው ቦሌ ላይ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩት ደግሞ በአየር ነው። ተሳፋሪ፣ ሻንጣና ጭነት ሞልቶ ነዳጁንም እስከ አፉ ከሞላ መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሞላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ ሮምንም ደብሊንንም ተጠቅሟል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሞልቶ ይነሳል።

«ካረፈ ትራንዚት ነው፤ አውሮፕላን ይቀየራል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ለነዳጅ ሲቆም ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው አይወርድም። ልጆቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁ የሚሄዱ እናቶች ግን ጎማው መሬት ሲነካ «ተመስገን፣ ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። እባካችሁ ከቤት ሳይወጡ በደንብ ንገሯቸው።

«መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ የሚበር ቶሎ ይደርሳል።» አይደርስም፤ አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። ለውጥ የሚያመጣው ነፋሱ ነው። በአትላንቲክ ሰማይ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሩ መንገዱ በቻድና በማሊ በኩል አትላንቲክ ይገባል። ሉል ላይ ክር ወጥሩ፤ አጭሩ መንገድ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ይወጣል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ግን ይህንንም መስመር ሁልጊዜ አይከተልም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ብዙ በረራዎችም ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ተገደዱ።

በጣም የማሳስባችሁ ግን ይህን ነው። ቲኬት ላይ «ማክሰኞ 00:30» ሲል ብዙዎች ማክሰኞ ማታ ይመስላቸዋል። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ሰው አለ። በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ሻንጣው ሰኞ ቀን ተዘግቶ፣ ተጓዡ ሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቦሌ መገኘት አለበት።