የአያት ቤት በሲሚንቶ አይድንም፤ ስለ ነባር የገበሬ ግቢ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ መንዝ ወይም ተጉለት ያለው የአያታችን ቤት ሊወድቅ ስለሆነ በሲሚንቶ ብናስለስነው ስንት ይፈጃል? ጠያቂው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ አልያም ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር የልጅ ልጅ ነው። ገንዘቡ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል ተዋጥቷል፣ ሲሚንቶው መኪና ላይ ተጭኗል፣ የቀረው የባለሙያ ቡራኬ ብቻ ነው። ሥራዬ ነባር ቤቶችን መጠገን በመሆኑ ቡራኬውን እንድሰጥ ይጠበቃል፤ አልሰጥም። ምክንያቱን በየስልኩ ከመደጋገም በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ስለ እነዚህ ግቢዎች ታሪክ የሚነገሩ ሌሎች ስሕተቶችም ስላሉ አብሬ አነሣቸዋለሁ።

«ቤቱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ሳይነካ የቆመ ነው»

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ነው። ግቢው ያን ያህል ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የድንጋይ ካቡ፣ አውድማውና ደጃፍ ላይ ያለው ወይራ በቦታቸው ሲቆዩ ቤቶቹ ይቃጠላሉ፣ ይፈርሳሉ፣ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ይጨመራሉ፣ አባት ሲሞት ማድቤት የነበረው ጋጣ ይሆናል፤ የወደቀውም ቤት በዚያው መሠረት ላይ፣ በዚያው ድንጋይ ተመልሶ ይሠራል። ስለዚህ ድንጋዩ አሮጌ መምሰሉ ስለ ቤቱ ዕድሜ የሚያስረዳው ነገር የለም።

የሚያስረዳው እንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ስለሆነ ምሰሶው፣ ወራጁና ማገሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ የሆነ ቤት የሣህለ ሥላሴን ዘመን አላየም። ወራጅና ማገር በየጊዜው ስለሚለወጥ ግን መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ምሰሶውና የበሩ ጉበን ናቸው፤ እነዚህ ጽድ ወይም ወይራ ሆነው ከተገኙ ነገሩ ተስፋ አለው። በሩም ይናገራል። የጥንቱ በር ከአንድ ወጥ ግንድ በመጥረቢያ የተጠረበ ሳንቃ ሆኖ፣ የብረት ማጠፊያ ሳይኖረው ከራሱ እንጨት በወጣ ጫፍ ከላይ በጉበኑ፣ ከታች በደፉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ገጹ ላይ እጅ ሲያስኬዱበት የመጥረቢያው ዱካ ጎድጎድ እያለ ይሰማል፤ በመጋዝ የተሰነጠቀ ሳንቃ እንዲህ አይልም። እንዲህ ያለው በር «አሮጌ ነው» ተብሎ ለማገዶ ሲፈለጥ ደርሼ አውቃለሁ፤ የግቢው ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነበር።

«ክብ ቤት የእኛ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑን ያመጣው ጣሊያን ነው»

አክሱም የሚገኘውን የደንጉርን ፍርስራሽ ያየ ሰው ይህን አይልም። ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቤት በዚህች አገር ከጣሊያን በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል።

«ርስት ከአባት ወደ በኩር ወንድ ልጅ ይወርድ ነበር»

ይህ ከሌላ አገር ታሪክ የተቀዳ ሐሳብ ነው። በሰሜኑ ደጋ ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም በኩል ስለነበር ሴት ልጅም እንደ ወንድሞቿ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራት፤ ብልጫ ያለው በኩር የሚባል አልነበረም። በተግባር ድርሻውን አስከብሮ የሚያርሰው በዳኝነት ፊት የትውልድ ሐረጉን መቁጠር የቻለና በአካባቢው ተሰሚነት ያለው ሰው ስለነበር ሴቶች ብዙ ጊዜ ይጎዱ ነበር፤ ያ ግን የአፈጻጸም በደል እንጂ ሕጉ አልነበረም። ርስትን ከጉልት ጋር የሚያደባልቁም አሉ። ጉልት ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመቀበል ሹመት ነው፤ ባለጉልቱ ሲሻር ባለርስቱ ከግቢው አይነቃነቅም።

አንድ ቤተሰብ ግቢውን በአባት አባት ቆጥሮ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ሊያጽፍ ሲዘጋጅ የቤቱን አዛውንት እትዬን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ አባባማ በእማማ ርስት ላይ ነው ጎጆ የቀለሱት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ሰውየው ከሌላ ምድር ለጋብቻ የመጡ ነበሩ፤ ስማቸው የገነነው ግን የእሳቸው ነው። የግቢ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ሴቶቹን ይጠይቅ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንም ጉልትንም አስቀርቶ መሬቱን የሕዝብ አድርጓል፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውንም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኗል። በአማራ ክልል በ1989 ደግሞ እንደገና ሽግሽግ ተደርጓል። ስለዚህ «አያቴ ያርሱት የነበረው ሁሉ የእኛ ነው» ብሎ ከውጭ መጥቶ ድንበር ማካለል ከጎረቤት ጋር ከማጣላት በቀር ውጤት የለውም። የመጠቀም መብቱ ዛሬ የባልና የሚስት ስም በሰፈረበት የይዞታ ደብተር ላይ ላሉት ሰዎች ነው፤ ቤት ማደስም በእነሱ ፈቃድ ይጀመራል።

«ከብትን ከሰው ጋር ማሳደር ኋላ ቀርነት ነው»

ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊቱን ያደረ ሰው ጋጣው ለምን ከመኝታው አጠገብ እንደሆነ አይጠይቅም። ቁንጫው እውነት ነው፤ ሙቀቱም፣ ከጅብና ከሌባ መጠበቁም እውነት ነው።

«ሲሚንቶ ቤቱን ያጠነክረዋል»

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ይህን አረዝመዋለሁ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስሕተቶች ታሪክ ሲያበላሹ ይኸኛው ቤት ያፈርሳል።

የመንዝ የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው። በውጭም በውስጥም ተመርጦ የተደረደረ ድንጋይ ይቆማል፤ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል፤ ሁሉንም የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በክረምት ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበትና በዝናብ የሚገባው ውሃ በበጋ በግድግዳው ፊት በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቤቱ መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ነው። አሁን ይህንን ፊት በሲሚንቶ ዝጉት። ግድግዳው በቀን ፀሐይና በሌሊት ብርድ ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በዚያ በቀጭኑ ስንጥቅ የክረምት ዝናብ ይገባል፤ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። መካከሉ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግድግዳው ከጉልበት በታች ሆዱን ይነፋል። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ቤት ያየሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ከውጭ ገንዘብ ልከው ግድግዳውን በሁለቱም ፊት አስለስነው፣ ወለሉን ደግሞ ሊሾ አስደርገውታል፤ በሁለተኛው ክረምት አንደኛው ጎኑ ወደ ውጭ ተዘረገፈ። ቤተሰቡ የደረሰበት መደምደሚያ ድንጋዩ አርጅቷል የሚል ነበር። መቶ ዓመት ያላረጀ ድንጋይ በሁለት ክረምት አያረጅም። የፍርስራሹን ሥር ስፈትሽ ዝናቡ ከቆመ ቆይቶ፣ ኅዳር ላይ፣ ጭቃው ገና በጣት የሚወጋ ነበር። የሲሚንቶው ልስን ደግሞ ሰፋፊ ገበታ ሆኖ ሳይሰበር ተኝቷል፤ ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ልሙጥ ነው። ከጭቃው ጋር አንድም ቀን አልተያያዘም፤ ግድግዳው ፊት ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር እንጂ። ሊሾውም የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ በወለሉ በኩል ይተን የነበረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ሄደ።

«በሲሚንቶ የተጠገነ ቅርስ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ የተሠራው በኖራ ሲሆን ጣሊያን በወረራው ጊዜ በሲሚንቶ ጠጋገነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የጥገና ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እየነቀሉ ወደ ኖራው ለመመለስ ብዙ ደክመዋል። ቤተ መንግሥት ያልቻለውን የገበሬ ቤት እንዲችል መጠበቅ ደግ አይደለም።

ከሲሚንቶ ጋር ጠብ የለኝም፤ በብሎኬት ለተሠራ ቤት ቦታው ነው። ለጭቃና ለድንጋይ ቤት ግን የሚከተለው ይደረግ። ከሁሉ በፊት ውሃውን አርቁት። በዓመታት ብዛት ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ፍግ አንሡ፤ ከቤቱ በላይ በኩል ዙሪያውን የሚወስድ ቦይ ቆፍሩ። ሊወድቅ ነው ከሚባለው ቤት አብዛኛው በዚህ ብቻ ይተርፋል፤ ወጪውም ዶማና የሁለት ጎረምሳ ጉልበት ነው። ቀጥሎ የተቦረቦረውን የድንጋይ መካከል በትንንሽ ድንጋይ እየሸበለቃችሁ ሙሉ። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተረግጦ፣ ተሸፍኖ ቦክቶ፣ እንደገና ተረግጦ ይመረግ፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይተረተራል፤ ስትቸኩሉ ጭቃው ያስታውቅባችኋል። የመጨረሻው ስስ ምርጊት እበት ይግባበት፤ ኖራ ከተገኘ ከላይ ይቀባ። ይህ ሁሉ የሚሠራው መኸር ከገባ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ግንቦት ላይ የተመረገ ጭቃ ሳይደርቅ ክረምት ይመጣበታል፤ ግንቦት ላይ የሚደወልልኝ ስልክ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ቀድሞ የተለሰነ ቤት ያላችሁ ደግሞ መዶሻ ይዛችሁ በአንድ ቀን አትነሡበት። በበጋ ከሥር ጀምራችሁ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያህል ዙሪያውን ብቻ ንቀሉና ግድግዳው እስኪደርቅ ተዉት፤ ሆዱን የነፋ ቦታ ካለ ሳትነኩት በፊት በእንጨት ይደገፍ።

«የሣር ክዳን የድህነት ነው፤ ቆርቆሮ ዘመናዊ ነው»

ሣሩ የጠፋው ሰዉ ስለሠለጠነ አይደለም። የመንዝ ቤት የሚከደነው በጓሳ ነበር። ጓሳው የሚበቅልበትን ሰፊ ደጋ የሁለቱ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች «ቀሮ» በሚባለው ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠብቁት ነበር፤ መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ሰው አጭዶ ቤቱን ይከድናል። የቀሮ መብት በርስት ላይ የቆመ ስለነበር የ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱንም አብሮ አፈረሰው። ዛሬ የጓሳ ደጋ በማኅበረሰቡ ደንብ እንደገና እየተጠበቀ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣው እንግዳ የሚረግጠው ሣር የእነዚያ ቤቶች ክዳን መሆኑን የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

ሣር የሚከድን ሰውም ሣርም ካልተገኘ ቆርቆሮ ይደረግ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። የሣር ክዳን ክፈፉ ሰፊ ስለሆነ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል፤ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ግን ለመቆጠብ ሲል ክፈፉን ስለሚያሳጥረው ዝናቡ የጭቃውን ግድግዳ ይገርፈዋል። ስለዚህ ክፈፉ ቢያንስ ሰባ ወይም ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ አሸንዳ ከተደረገም ውሃው ወደ ቦዩ እንጂ ወደ መሠረቱ አይውረድ። ሁለተኛ፣ በደጋ ሌሊት ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ያላበዋል፣ ያንጠባጥባልም፤ ከሥሩ ኮርኒስ ወይም የሳጠራ ምንጣፍ ያስፈልገዋል። ሣሩን ይዤ እቆያለሁ የሚል ሰው ደግሞ እሳቱን አያጥፋ። የምድጃው ጭስ ሣሩንና ወራጁን አድርቆ ተባይ ስለሚከለክል፣ ሰው ለቆ የሄደበት ቤት ክዳን ሰው ካለበት ቀድሞ ይበሰብሳል። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ምግብ ማብሰያው በማድቤት ይሁን፤ በዋናው ቤት ግን አልፎ አልፎ ይጫጫስ።

«ከወለሉ ሥር ሀብት ተቀብሯል»

ወለል ሲታደስ ባዶ ጉድጓድ ሲገኝ ዘመድ ሁሉ ዶማ ይዞ ይመጣል። በሸዋ ቆላ በኩል ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጥ ነበር፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ የተለቀለቀ ከሆነ የእህል ጉድጓድ ነው፤ ባዶ የሆነውም እህሉ ስለተበላ ነው። ሀብት ፍለጋ እየሰፋ የሄደ ጉድጓድ የምሰሶ ወይም የግድግዳ ሥር ሲደርስ ቤቱን ይዞ ይገባል። ግድግዳ ሥር ከሆነ በድንጋይና በተጠቀጠቀ አፈር ሙሉት፤ መካከል ወለል ላይ ከሆነ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ለክታችሁ፣ በጠንካራ ሳንቃ ክደኑት።