ተራ መጠበቅ ምንድን ነው? ልጆችንስ ለምን ይከብዳቸዋል?

የ2ኛ ክፍል መምህርት «ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እጅ ይወጣል። ጣት ይንጣጣል። «እኔ ቲቸር! እኔ! እኔ!» ይባላል። ገሚሱ ከዴስኩ ተነስቶ ይቆማል። አንዱ ደግሞ ጭራሽ መታገስ ያቅተውና «አስራ አምስት!» ብሎ ይጮኻል። መምህርቷ «ሳልጠራችሁ አትመልሱ» ትላለች። በሚቀጥለው ጥያቄም ያው ነው።

እነዚህ ልጆች ባለጌ አይደሉም። ገና እየተለማመዱት ያለ ችሎታ ነው፤ ተራ መጠበቅ ይባላል።

ተራ መጠበቅ ማለት ሌላው ድርሻውን እስኪጨርስ መታገስ፣ የራስ ተራ ሲደርስ መጠቀም፣ ከዚያም ለሚቀጥለው መልቀቅ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። እኛ ቤትም ሆነ ክፍል ውስጥ በብዛት የምናስተምረው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ቆይ»፣ «ዝም በል»፣ «ተቀመጪ» እንላለን። ዝም ያለውን ልጅ ሁሉ ጨዋ ነው እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ ግን ተራው እንደማይደርሰው አውቆ የተወውም አለ። እሱን ጨዋ ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ለምን ይከብዳል? ራስን የመግታት ሥራ በብዛት የሚሠራው በፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ሰው ከ20 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ተራውን ሲጠብቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይሠራል። መልሱን በልቡ ይይዛል፣ ምላሱን ይቆጣጠራል፣ የጓደኛውንም መልስ መስማት አለበት። መልሱ ደግሞ ቶሎ ይጠፋበታል። ብዙ ጊዜ አቋርጦ የሚናገረው ንቆ ሳይሆን እንዳይረሳው ፈርቶ ነው። «መልስህን ደብተርህ ላይ ጻፈውና ጠብቅ» ቢባል ግማሹ ጭንቀት ይቀልለታል።

ስለ ልጆች ትዕግሥት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥናት አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሚሼል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትንንሽ ልጆችን ፊት ለፊታቸው ጣፋጭ አስቀምጦ ምርጫ ሰጣቸው። አሁን ከበላህ አንድ ነው፤ እስክመለስ ከጠበቅህ ሁለት ታገኛለህ። ከዓመታት በኋላ ረጅም ጊዜ የጠበቁት በትምህርታቸው የተሻሉ ሆነው ታዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ ትዕግሥትን ልጁ ይዞት የሚወለደው ነገር አድርጎ ያስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ልጆችን ይዘው ነገሩን እንደገና አዩት። የቤተሰብ ገቢና የቤት ሁኔታ ሲታሰብ ያ ልዩነት በጣም ቀነሰ።

እኔ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው የምመኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው 28 ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ ያገለገለ የቀለም እርሳስ ተሰጣቸውና «ትንሽ ጠብቁ፣ የተሻለ አመጣላችኋለሁ» ተባሉ። ለግማሾቹ ቃሉ ተፈጸመ፤ የተሻለው መጣላቸው። ለቀሩት አዋቂው ባዶ እጁን ተመልሶ «ይቅርታ፣ የለም» አላቸው። ይህ አንድ ጊዜ ተደገመ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተፈጸመላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የተዋሹት ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ። ልጆቹ እዚያው ቁጭ ብለው ያንን ሰው መዝነውታል። ሁለት ጊዜ የዋሸን ሰው ለምን ይጠብቁታል?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ወንድምየው ስልክ ይዞ ይጫወታል። ትንሿ «ተራዬ ነው» ትላለች። «አምስት ደቂቃ» ይላታል። አምስቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ባትሪው ያልቃል። በማግስቱ ስልኩ ላይ ዘልላ ስትነጥቀው «ምን ሆነሽ ነው? መጠበቅ አትችዪም?» ተብላ ቁጣ የሚወርድባት እሷ ናት። ሰዓት አይቶ «ጨርሰሃል፣ ስጣት» የሚል ትልቅ ሰው ቢኖር ኖሮ በማግስቱ ትጠብቅ ነበር።

ወሬም ላይ እንደዚያው ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ልጅ መሃል ከገባ «ትልቅ ሰው ሲያወራ አይገባም» ይባላል። አባባሉ ውስጥ ያለውን አክብሮት እወደዋለሁ፤ አባባሉ ይተው አልልም። ግን ትልቁ ሰው አውርቶ ሲጨርስ ወደ ልጁ ዞሮ «እሺ፣ ምን ልትለኝ ነበር?» ይላል ወይ? ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንለው? በዚያ ላይ አዋቂዎች ስናወራ በአንዱ ንግግርና በሌላው መካከል የሚኖረው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከሰከንድ ሩብ እንኳ አይሞላም። ልጅ ቃሉን አሰናድቶ አፉን እስኪከፍት ሌላ ሰው ቀድሞታል። እንግዲህ ጮኾ ካልገባ መቼ ሊገባ ነው?

ክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ ለማግኘት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ገንዘብ አይፈልግም።

ደግነቱ ልጆች ተራን በራሳቸውም ይማማራሉ። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱትን ልብ ብላችሁ እዩ። ጠጠሩ ከሳጥኑ ከወጣ፣ ወይም እግር መስመር ከነካ፣ ተራው ለሚቀጥለው ነው። «ነክተሻል!» «አልነካሁም!» ይባላል፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው መስመሩን ያያሉ። የነካችው እያጉረመረመችም ቢሆን ትወጣለች። የምትወጣው ተራው ዞሮ እንደሚደርሳት ስለምታውቅ ነው። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። አንዱ «እንቆቅልሽ» ብሎ ሌላው «ምን አውቅልህ» ካላለው ጨዋታው አይንቀሳቀስም። ያልቻለው አገር ይሰጣል፣ መልሱን ይሰማል፣ ከዚያ እሱም ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ውስጥ የግብረ ገብ መምህር ብሆን ስለ ትዕግሥት ከማስጻፍ ይልቅ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንቆቅልሽ አጫውት ነበር።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ነገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። 60 ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ መጀመሪያ «ከጎንህ ካለው ጋር ተነጋገሩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ፤ ከዚያ ተቀያየሩ» ማለት ያስፈልጋል። ቢያንስ ሁሉም አፉን ይከፍታል። ከዚያ የተማሪዎቹን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጣሳ ውስጥ ማድረግና እያወጡ መጥራት ነው። ጣት በማንጣጣት የሚገኝ ነገር እንደሌለ ልጆቹ ራሳቸው በጥቂት ቀን ይደርሱበታል። የተጠራው ስም ወደ ጣሳው አይመለስም። ደወል ሲደወል ጣሳው ውስጥ የቀሩት ደግሞ «ነገ በእናንተ እንጀምራለን» ይባላሉ፤ በማግስቱም በእነሱ ይጀመራል።