ኮፒ ፔስት፦ የሰው ጽሑፍ በራስ ስም

የሌላን ሰው ጽሑፍ፣ ሐሳብ ወይም መረጃ ምንጩን ሳይጠቅሱ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በመመሪያ ቋንቋ የአእምሯዊ ሥራ ስርቆት ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙም የለም። ተማሪው “ኮፒ ፔስት” ይለዋል፣ መምህሩ “ፕላጀሪዝም”። ፈተና ላይ ሲሆን ደግሞ ኩረጃ ነው። የስሙ መለያየት መዘዝ አለው። ኩረጃ ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከኢንተርኔት ሁለት ገጽ አንስቶ ማስረከብን ግን ብዙ ተማሪ ከኩረጃ አይቆጥረውም።

በጣም የተለመደው ዓይነት ቀጥታ ግልበጣ ነው። በዓይን ይለያል። አንቀጹ መሀል የፊደሉ መጠን ይቀየራል። ሰማያዊው ሊንክ ከነመስመሩ ይቀራል። የዊኪፒዲያ የምንጭ ቁጥሮችም በቅንፍ እንደታሰሩ ይገኛሉ።

ሌላው ቃል እየቀየሩ የሰውን አንቀጽ መሸፈን ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉሞ የራስ ማድረግም አለ፤ ጽሑፍን ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚያመሳክሩ ሶፍትዌሮች ይህን ለመያዝ ይቸገራሉ። በግሩፕ አሳይመንት ደግሞ ቀለሜዋ ብቻዋን አድራ ትጽፋለች፣ ሽፋኑ ላይ የስድስት ሰው ስም ይሰፍራል። ከፍሎ ማጻፍም አለ፤ “ሪሰርች እናማክራለን” የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራምም በየጽሕፈት ቤቱ በርም ይለጠፋል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ወስዶ የከተማውን ስም መቀየር ነው። ርዕሱ ስለ ደብረ ብርሃን ነጋዴዎች ይላል። ምዕራፍ አራት ሲደርሱ መጠይቁን የሞሉት የሐዋሳ ነጋዴዎች ሆነው ያርፉታል። እዚህ ላይ የተሰረቀው ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች እንደተጠየቁ ተደርጎ ተጽፏል። ነገ ያን ቁጥር አምኖ የሚጠቅስ ሌላ ተማሪ ይመጣል።

ለምን ይሆናል? ስንፍና አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። እኔ የማየው ዋናው ምክንያት የእንግሊዝኛ ፍርሃት ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡ የገባው ልጅ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጥንቅቅ አድርጎ ያስረዳሃል። ወረቀት ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይሰበርበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ መግቢያዬን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ሰርዣለሁ። የመጽሐፉ አንቀጽ አጠገቡ ሲቀመጥ የእኔው አሳፈረኝ። በመጨረሻ የመጽሐፉን ገለበጥኩ። ጥፋት ነበር፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሌላው ሥር ከታች ክፍል ይጀምራል። ልጅ ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ የመምህሩን ቃል እንዳለ የመለሰ ሙሉ ማርክ ያገኛል። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ የተሸለመን ልጅ ግቢ ሲገባ “በራስህ ቃል ጻፍ” እንለዋለን፤ እንዴት እንደሚጠቀስ ግን በደንብ አናሳየውም። ለነገሩ በራስ ቃል መሥራት ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ቢይዝም ቅኔውን ግን ራሱ አዲስ ይቆጥራል። የሰው ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት መቅረብ ያሳፍራል።

ከዚህ ላይ የተደራረበ የማስረከቢያ ቀን፣ ብዙ ተማሪ የያዘ አማካሪ፣ የገጽ ብዛት የሚቆጥር ምዘና ይጨመራል። አሳይመንቱ እንደማይነበብ ያወቀ ተማሪ ለመጻፍ አይደክምም።

ሕጉ መጥቀስን አይከለክልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጩና የደራሲው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል መውሰድን ይፈቅዳል። ቱርኒቲን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ደግሞ ተመሳሳይነትን በመቶኛ ያሳያሉ። ቁጥሩ ግን ፍርድ አይደለም። በትክክል የተጠቀሰ ጥቅስና የዋቢ ዝርዝርም ሊቆጠሩበት ይችላሉ፤ መምህሩ ሪፖርቱን ገልጦ ማየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲጠይቁት ራሱ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተወሳስቧል። ጽሑፉ ከየትም ስላልተገለበጠ መቶኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን ወደ ቀድሞው መንገድ ተመልሰዋል። ተማሪውን ቢሮ ይጠሩታል፣ ከራሱ ወረቀት አንድ አንቀጽ ያሳዩታል፣ “በል በአማርኛ አስረዳኝ” ይሉታል።