«ወገኔን ብቀጥር ምን አለበት?» እና ሌሎች የዲሲ ኮንትራክተር ስህተቶች

ከዋሽንግተን ዲሲ ከተማ መንግሥት የጽዳት፣ የጥበቃ ወይም የግንባታ ሥራ የያዘ ሐበሻ አሠሪ ስለ እኩል የቅጥር ዕድል ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ያ ሕግ ለነጮቹ ነው፤ እኛ ራሳችን አናሳዎች ነን።» በዚህ እምነት የጨረታውን ሰነድ ሳያነብ ይፈርማል። የመጀመሪያው ወርሃዊ ሪፖርት ሲጠየቅ ነው የሚደነግጠው።

ከቀላሎቹ እንጀምር።

«የፌዴራሉ ትእዛዝ ስለተሻረ ግዴታው ቀርቷል።» አልቀረም። በጃንዋሪ 2025 የተሻረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 11246 ነው፤ እሱም የፌዴራል ኮንትራክተሮችን ነበር የሚመለከተው። ዲሲ የራሷ የ1977 የሰብአዊ መብቶች ሕግ አላት።

«አምስት ሠራተኛ ብቻ ስላለኝ አይመለከተኝም።» «ቢያንስ 15 ሠራተኛ ያለው» የሚለው መነሻ የፌዴራሉ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የዲሲው ከአንድ ሠራተኛ ይጀምራል። የዕድሜ ጥበቃውም በፌዴራል ከ40 ዓመት፣ በዲሲ ግን ከ18 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ የ22 ዓመት አመልካችን «ገና ልጅ ነህ» ብሎ መመለስ ያስጠይቃል።

«የመንግሥት ሥራ ላይ ዜጋ ብቻ ነው የሚቀጠረው።» ሕግ ወይም ውሉ ራሱ ዜግነትን ካልጠየቀ በስተቀር የመሥራት ፈቃድ ያለው ሁሉ ይቀጠራል። አይ-9 የተባለው የመሥራት ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ ሲሞላ ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። መንጃ ፈቃድና ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ያመጣን ሰው «ግሪን ካርድህንም አሳየኝ» ማለት በራሱ ጥፋት ነው።

«ማመልከቻው ላይ ስለ ወንጀል መዝገብ መጠየቅ መብቴ ነው።» በዲሲ 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ከ2014ቱ ሕግ ወዲህ፣ በቅድመ ሁኔታ «ቀጥሬሃለሁ» ከማለቱ በፊት ስለ ጥፋተኝነት ፍርድ አይጠይቅም። ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ የፓርኪንግ ሥራ ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለም።

«ሲቢኢ ሰርተፍኬት አለኝ።» እሱ በዲሲ ጨረታ ቅድሚያ የሚያሰጥ የአካባቢ ድርጅት ምስክር ወረቀት ነው፤ ድርጅትህን ነው የሚመለከተው እንጂ የምትቀጥራቸውን ሰዎች አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ሰው በሰው ነው የምቀጥረው። ወገኔን ብቀጥር ምን አለበት?»

አድልዎ በአሠሪው ቀለም አይለካም። «የትውልድ አገር» የሚለው ጥበቃ በእኛ ላይ እንዳይፈጸም የቆመውን ያህል እኛም እንዳንፈጽመው ቆሟል። ክፍት ቦታ ሲኖር ሱፐርቫይዘሩ ቡና ቤት ተቀምጦ «የምትታመን ልጅ ታውቃላችሁ?» ይላል፤ ሰኞ አንዲት የአክስት ልጅ ሥራ ትጀምራለች። ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ከ40 ሠራተኛ 38ቱ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆኑ፣ ማስታወቂያ ሳያይ ዕድሉ ያመለጠው የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ወይም እዚያው ዲሲ ያደገው ጥቁር አሜሪካዊ በዚያ ቁጥር ይከራከራል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልለው ከጨረታው ጋር የሚሞላው የሠራተኛ መረጃ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ በዘርና በፆታ ስለሚከፍል ሁላችንም «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ገብተን ሪፖርቱ ያማረ ይመስላል። በትውልድ አገር የሚቀርብ ክስ ግን በዚያ ሳጥን አይመለስም።

ውስጥ ለውስጥም አለ። ኢንተርቪው ላይ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ብሎ ጎንደር ወይስ ወለጋ፣ ቀጥሎም የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ማጣራት ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለመርማሪው ማስረጃ ነው። «አማርኛ መናገር ግዴታ» ብሎ መለጠፍም የሚያዋጣው ሥራው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው። በ2004 የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎችንም ያገለግላሉ፤ እንዲህ ያለ የአገልግሎት መስኮት ላይ የሚቀመጥን ሰው አማርኛ መጠየቅ ያስኬዳል። ሌሊት ወለል ለሚወለውል ሰው ግን «አለቃው እንግሊዝኛ ስለሚከብደው» ምክንያት አይሆንም።

ወገን መቅጠር በሌላ በኩልም ያስከፍላል፤ ይኸውም ለዲሲ ነዋሪዎች የቅጥር ቅድሚያ በሚሰጠው የፈርስት ሶርስ ሕግ። ኮንትራቱ 300,000 ዶላር ከደረሰ ከአዲስ ቅጥሮች 51 በመቶው የዲሲ ነዋሪ መሆን አለበት። ከጠቅላላ ሠራተኛ ሳይሆን ከአዲስ ቅጥር። 12 ሰው ብትቀጥር 51 በመቶው 6.12 ነው፤ ስለዚህ ስድስት አይበቃም፣ ሰባት ያስፈልጋል። አብዛኛው ዘመድህ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ሁለቱም ዲሲ አይደሉም። በዲሲ ያለ የአጎት ቤት አድራሻ ማስሞላት መፍትሔ የሚመስለው ካለ፣ ሐሰተኛ መረጃ ማስገባት ከኮንትራቱ የሠራተኛ ወጪ 5 በመቶ ያስቀጣል። ግንባታው 5 ሚሊዮን ዶላር ከደረሰ ደግሞ ቆጠራው በሰው መሆኑ ቀርቶ በሰዓት ይሆናል፦ በሙያው ከበቁት ሠራተኞች ሰዓት 20 በመቶ፣ ከተለማማጆች 60፣ ከሠለጠኑ የጉልበት ሠራተኞች 51፣ ከተራ የጉልበት ሠራተኞች 70 በመቶ።

«ታዲያ መንግሥት የላከልኝን ሁሉ ልቀጥር?» አይደለም። ክፍት ቦታውን ለዲሲ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ታሳውቃለህ። በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ብቁ ሰው ካልላከ ቦታውን በራስህ ትሞላለህ፤ 51 በመቶው ግን አይነሣልህም። የመምረጥ ሥልጣኑ የአንተ ነው። ስትመርጥ ግን ከመጀመሪያው ኢንተርቪው በፊት መስፈርትህን ጻፍ፤ ለምሳሌ የሌሊት ፈረቃ መቻል፣ የወለል ማሽን ልምድ፣ የጥበቃ ፈቃድ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርብ። ያልቀጠርከው ሰው ስም ፊት ምክንያቱን በአንድ መስመር አስፍር። «ጸባዩ አልተመቸኝም» መስመር አይደለም፤ «የቅዳሜ ፈረቃ አልችልም አለ» መስመር ነው። ማስታወቂያው ላይ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ አስቀምጥ፤ ከጁን 30፣ 2024 ጀምሮ ግዴታ ነው። የቀድሞ ደመወዙንም አትጠይቅ።

ማመልከቻዎቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ የፌዴራሉ ደንብ ነው። ለዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜም አንድ ዓመት ስለሆነ፣ በ364ኛው ቀን የገባ ቅሬታ አንተ ጋ የሚደርሰው ወረቀቱን ካቃጠልክ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሦስት ዓመት አስቀምጥ፤ አንድ ካርቶን ነው።